ኤልቢዮ፣ ማሽኑና ያልፈላው ውሃ

ኤልቢዮ ካሜሆን እጅህ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው ብትሉት ቀኑን አይነግራችሁም። ሚስቱ ኒቢያ ግን ታውቀዋለች። አንድ እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በአንድ ቅል እየተቀባበሉ ሲጠጡ የሙቅ ውሃውን ፔርሙስ ድንገት አቀበላት። ማቴ ቀጂው አንድ ሰው ነው፤ ፔርሙሱን አንዴ የያዘ ሰው ውሃው እስኪያልቅ ለማንም አይሰጥም። በዚያ ቤት ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የቀዳው ኤልቢዮ ነበር። ኒቢያ ተቀበለችው፣ ቅሉንም ሞላችለት። ወጥ ቤት ገብታ ግን ትንሽ አለቀሰች።

ሥራው ያንኑ ማቴ የሚጠጣበትን ቅል መቅረጽ ነው፤ ቅሉም ራሱ ማቴ ይባላል። በሳራንዲ ዴል ዪ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የከብት እርሻዎች እሱ የቀረጸው ቅል የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ስም ይቀርጻል፣ የሠርግ ቀን ይቀርጻል፣ የፈረስ ጭንቅላት ይቀርጻል። ከሁሉም በላይ ግን የከብት ምልክት ይቀርጻል፤ ባለከብት የሆነ ሰው ጥጃው ታፋ ላይ በጋለ ብረት የሚያትመውን ምልክት ማቴው ላይም ካላየው ደስ አይለውም። ለዚህ ሁሉ ሥራ የኤልቢዮ መሣሪያ ሦስት መቅረጫ፣ አንድ የመሳያ ድንጋይና ቀኝ እጁ ነበሩ። መቅረጫዎቹና ድንጋዩ አሁንም ደህና ናቸው።

ሐኪሙ «አይገድልህም፣ ግን አይለቅህም» አለው። ኤልቢዮ ከዚህ ውስጥ የሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ለሰው ግን እጄን አመመኝ አላለም። ዓይኔ ደከመ እያለ ሥራ መመለስ ጀመረ። ቀራጭ ዓይኑ ቢደክም ሰው ያዝንለታል፣ እጁ ከከዳው ግን ያለቀለት ነው ብሎ ነው። ሞኝነት ነው፤ ግን ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ሞኝነቱን የሚተወው ለማን ብሎ?

ልጃቸው ያኔላ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እናቷ ነገሩን ስትነግራት በማግስቱ ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ በጨረር የሚቀርጽ ሌዘር ግዛ።»

«ሌዘር ለሐኪም ነው።»

«ለእልኸኛ ቀራጭም ይሆናል። ዝርዝሩን እልክልሃለሁ።»

ዝርዝሩ በእጅ ጽሑፍ፣ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ መጣ። በግራ በኩል «ያለዚህ አትጀምር» ይላል፤ ማሽኑ ራሱ፣ ለዚያው ጨረር ተብሎ የተሠራ መነጽር፣ ጢሱን ስቦ በመስኮት የሚያስወጣ ማራገቢያ ከነቱቦው፣ ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ከሥር የሚነጠፍ ብረት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ መለማመጃ የሚሆን ስብርባሪ ቅል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወንበር። በቀኝ በኩል «ሲመችህ ትገዛዋለህ» በሚለው ሥር ክብ ዕቃ የሚያሽከረክር መሣሪያ፣ እሳት እንዳይነሳ አየር የሚነፋ ፓምፕ፣ ካሜራና መሸፈኛ ሳጥን ተጽፈዋል።

ኤልቢዮ የማንበቢያ መነጽሩን አድርጎ ሲያነበው መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነው።

«ማሽከርከሪያው ሲመችህ ይባላል? ይቺ ልጅ ከተማ ሄዳ ቅል ክብ መሆኑን ረሳች» አለና መሣሪያውን በእስክሪብቶ ወደ ግራ ጎትቶ አመጣው። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ሰሌዳ የሚቀርጽ ሰው ያለ ማሽከርከሪያ ዕድሜውን ይኖራል፣ ማቴ የሚቀርጽ ሰው ግን አንድ ቀን አይውልም። ይህቺን ማስተካከሉ ግን ልቡን አሳበጠበት። እንዲህ ከሆነማ ሌላውንም እኔ አውቀዋለሁ አለ። የእሳት ማጥፊያውን «ባልዲ አለኝ» ብሎ ሰረዘው። ማራገቢያውን «መስኮት አለኝ» ብሎ ሰረዘው። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ደወለላት።

«ልጄ፣ ወንበር እማ አለን። ስድስት።»

«አልቀለድኩም አባዬ። ማሽኑ ሲሠራ አንተ ከዚያ ወንበር አትነሣም ማለት ነው። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።»

«እሺ፣ እሺ» አለ፤ ኒቢያ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው የሚላት ዓይነት እሺ።

ሞተር ብስክሌቱን ሸጠና ማሽኑን አመጣ። መጀመሪያ ሰሞን ያልተበላሸ ነገር የለም። ስሙ ተገልብጦ ይወጣል፣ ቅሉ ይበሳል፣ አንዱ በኩል ጠቁሮ ሌላው በኩል ጭራሽ አይታይም። ጢሱ በመስኮቱ ይወጣል የተባለው ወደ ጓሮ ወጥቶ ኒቢያ ያሰጣችው ልብስ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት አንሶላውን አንስታ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት።

«ሽማግሌው፣ ወይ ማራገቢያውን ትገዛለህ ወይ ከማሽንህ ጋር ትተኛለህ።»

ገዛ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መስመር ያዘ። ቅሉን ፍቆ ማለስለስ፣ ልኩን መውሰድ፣ ጨረሩን ስንት ላይ እንደሚያደርገው በስብርባሪ መሞከር፣ ሁሉንም ቀስ በቀስ ለመደው። በስድስተኛው ወር ከማሽኑ የሚወጣው ምልክት ጠርዙ የጠራ፣ ቀጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ሆነ። ማሽኑን ጓዳ አስገብቶ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ከፊት ለፊት፣ ደንበኛ በሚገባበት ክፍል፣ ሦስቱን መቅረጫዎች እንደ ድሮው ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል።

ሰዎች ቅላቸውን ሲወስዱ «ኤልቢዮ፣ እጅህ እኮ አላረጀም» ይሉታል። እሱም ፈገግ ይላል። አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት እያለ ራሱን ያጽናናል። ግን ድሮ አንድ ቅል ሲጨርስ ለኒቢያ ያሳያት ነበር፤ አሁን ማሳየት ትቷል።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ወር አንድ ዝናባማ ማክሰኞ፣ ዶኛ ዙልማ ኤቼቨሪ የሚባሉ ባለከብት ወይዘሮ ከነጭቃ ቦቲያቸው ገቡ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ኔሪ ባለፈው ነሐሴ ሞቶ እርሻውን ብቻቸውን ይዘውታል። ከብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ዓይንህ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ነው ዶኛ ዙልማ።»

«እሰይ። ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አልሰጥም።»

ጨርቁን ሲፈቱት የኔሪ ማቴ ነው። ኤልቢዮ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የቀረጸው ቅል፣ በአፉ ዙሪያ የብር ቀለበት ያለው። ከብዙ ዘመን መጠጣት የተነሣ ጥቁር ቡናማ ሆኗል። ምልክቱ፣ እርካብና ከላይዋ ግማሽ ጨረቃ፣ ጠፍቶ ጠፍቶ ጥላው ብቻ ቀርቷል። የኔሪ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለነበር እሱ ነው የበላው።

«ሳምንቱን ሙሉ በበሬ ስብ ስቀባው ሰነበትኩ» አሉ ዶኛ ዙልማ ቅሉን እያገላበጡ። «ቅዳሜ ጥጆቹን ምልክት እናደርጋለን። እሱ ከሞተ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፣ ማቴው ይዞራል። ሰውየው ባይኖር ቅሉ ይዙርልኝ ብዬ ነው። ምልክቱን አጉላልኝ። እንደ ድሮው፣ በራስህ እጅ።»

ኤልቢዮ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እሺ» አለ።

እሺ የምትባል ቃል ስንቱን ሰው ጣጣ ውስጥ እንደከተተች ቢጻፍ ወረቀት አይበቃም። እጄ ከዳኝ ማለት ይችል ነበር። መጋረጃውን ገልጦ ማሽኑን ማሳየትም ይችል ነበር። ሴትዮዋ ግን በራስህ እጅ ሲሉ እንዲህ በእምነት ዓይኑን ዓይኑን እያዩት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ሥራውን ጀመረ። የጠፋውን ምልክት ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ሣለው። ስቡን በደንብ መጥረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን ሴትዮዋ የደከሙበት ወዙ እንዳይጠፋ ሳሳለትና በደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ አበሰው። ቅሉን ማሽከርከሪያው ላይ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ማራገቢያውን ከፈተ፣ ማሽኑን አስነሣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ማቴውን ይዞ እየጠጣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል በደንብ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ከዚያ ፔርሙሱ ባዶ ሆነ።

እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ማቴ በእጁ ይዞ ውሃ ሲያልቅበት ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። አይቀመጥም። ኤልቢዮ አሁን እመለሳለሁ ብሎ ወጥ ቤት ገባና በራዱን ጣደ። ውሃ ጥዶ መመለስ ይችል ነበር፤ ችግሩ የማቴ ውሃ መፍላት የለበትም። ከፈላ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ይመራል፣ ይደፋል። ስለዚህ በራዱ ማፏጨት ሲጀምር ከላዩ ላይ ቆሞ ድምፁን ማዳመጥ አለ። አባቱም እንዲህ ቆሞ ነበር የሚያዳምጠው። ኤልቢዮም ጆሮውን ሰጥቶ ቆመ። ሐሳቡ ሁሉ ውሃው እንዳይፈላ ነበር።

መጀመሪያ የሸተተው ስብ ነው። ጎረቤት ሥጋ የሚጠብስ መሰለው። ከዚያ ቅሉ ትዝ አለው።

በራዱን እንደያዘ ሮጠ። ቅሉ ማሽከርከሪያው ላይ ቀስ ብሎ እየዞረ ይነድዳል፤ ማራገቢያው ደግሞ እሳቱን እያንቦገቦገው ነው። ባልዲው ጓሮ ዝናብ ላይ ነው። መሰኪያውን ነቀለና የበራዱን ውሃ ደፋበት። ጢሱ ሲገልጥ የቅሉ አንድ ጎን የለም። ምልክቱ የነበረበት፣ የኔሪ አውራ ጣት የበላው ያ ጎን፣ ከሰል ሆኖ ወድቋል። የብሩ ቀለበት ብቻ ጥላሸት ለብሶ ተርፏል።

ኒቢያ ስትመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አሁን ተቀመጠ፤ ምን ዋጋ አለው።

 ኒቢያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መደርደሪያው ላይ አሮጌ ቅል አለህ» አለችው። «በማቴ ቅጠል ቀቅለህ አጥቁረው። ቀለበቱን ታጠልቅለታለህ፣ ምልክቱን ትቀርጽለታለህ። ማን ያውቃል?»

«አውራ ጣቱ የለበትም» አለ ኤልቢዮ።

እንዲህ ይበል እንጂ ሞክሮታል። ቀቀለው፣ አጠቆረው፣ በስብ አሸው። ሐሙስ ጠዋት ሲያየው ቁርጥ የኔሪን ቅል መስሏል። ከዶኛ ዙልማ ሌላ ማንም አይለየውም፤ እሳቸውም ምናልባት ላይለዩት ይችላሉ። ይህን ሲያይ ፈራ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ የመጣው መንገድ ወዴት እንደሚያደርሰው በዚያች ደቂቃ በዓይኑ አየው። የተቀቀለውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ የተቃጠለውን በፌስታል ያዘና በወተት መኪና ተሳፍሮ ወደ እርሻው ሄደ።

ዶኛ ዙልማ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ለቅዳሜ ሊጥ እያቦኩ ነበር። ፈገግ ብለው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ቀደምክ እኮ። አምጣው እስቲ።»

«አቃጠልኩት ዶኛ ዙልማ።»

ፌስታሉን ተቀብለው ከፈቱት። የተረፈውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከሰሉ ሊጡ ላይ ረገፈ። 

«በምን?»

«በማሽን። በሌዘር። ዓመት አልፎኛል በማሽን ስሠራ።»

«ማሽኑ ነው ያቃጠለው?»

«እኔ ነኝ። ትቼው ውሃ ላሞቅ ሄድኩ።»

«ፈላብህ?»

«አልፈላም።»

«እሱስ ተርፏል» አሉ ዶኛ ዙልማ። ኤልቢዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«እኔ በእጅህ ነበር ያልኩህ።»

ኤልቢዮ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እጁ ሲርገፈገፍ አጠገቡ ያለው ማንኪያ ሳህኑ ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ሁለቱም ያንን ድምፅ ሰሙት።

«ዓይኔ ነው ያልከውስ?»

«ዋሸሁ። ዓይኔ ደህና ነው።»

ሴትዮዋ ወጡ። ውሾቹ ሲጮኹ፣ የዕቃ ቤቱ በር ሲንሿጠጥ ሰማ። ውጣ ሊሉኝ ሰው ሊጠሩ ነው ብሎ ኮፍያውን አነሣ። ሲመለሱ ግን አንድ ደረቅ ቅል ከነሐረጉ ይዘው ነበር። ከቅሉ ጋር የከብት ሐኪም የሰጣቸው ደረሰኝና እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩለት።

«ኔሪ አጥሩ ላይ ከተከለው የቀረው ይሄ ነው። በል ምልክቱን ከደረሰኙ ጀርባ ሣልልኝ።»

«ዶኛ ዙልማ፣ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ሣል አልኩህ።»

ሣለ። ግማሽ ጨረቃዋ ተሰባበረች፣ የእርካቡ ጎን ተወላገደ። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ገፋላቸው። ሰው ፊት ከሣለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ዶኛ ዙልማ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

«ጥጃ ጋደም ሲያደርጉት እንደ ድንጋይ የሚጋደም መሰለህ?» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡት። «ይራገጣል፣ ይወራጫል። ኔሪ አርባ ዓመት ይህን ምልክት ሲያትም አንዱም ቀጥ ብሎለት አያውቅም። ከብቶቼን ሄደህ እያቸው፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ማሽንህ ይሄን እንዳለ መገልበጥ ይችላል?»

«ይችላል።»

«ሳታስተካክለው።»

«ሳላስተካክለው።»

ቅሉንና ደረሰኙን አስይዘው በሩ ድረስ ሸኙት። የብሩን ቀለበት ጥላሸቱን ጠርገው መዳፉ ላይ አስቀመጡለትና ጣቶቹን በገዛ እጃቸው ዘጉበት።

«ይቅር አልኩህ እንዳይመስልህ» አሉ። «ያ ቅል አይመለስም። በየጠዋቱ ይዤው ነበር የምቀመጠው።»

«አውቃለሁ» አለ ኤልቢዮ።

ዓርብ ጠዋት ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ካለው ሱቅ የእሳት ማጥፊያ ገዛ። መጋረጃውን ከጓዳው በር ላይ አወረደው። የጠቆረችውን የማሽኑን መስታወት በአልኮል ጠረገ፣ የአዲሱን ቅል አፍ ቆርጦ ላዩን ጥርግ አድርጎ አጸዳ፣ የሣለውን ፎቶ አንስቶ ማሽኑ ላይ ጫነ። እናቷ ነግራት ያኔላ ደወለች።

«ማጥፊያው?»

«እግሬ ሥር ነው።»

«ወንበሩስ አባዬ?»

«ተቀምጬበታለሁ።»

አልሳቀችበትም።

ማሽኑ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀ። ኤልቢዮ ዓይኑን አላነሣም። ጨረሩ በእጁ መንቀጥቀጥ ላይ እየሄደ፣ በተወላገደው ላይ እየተወላገደ፣ አንዲት መስመር እንኳ ሳይዘል ምልክቱን ቀረጸው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ማሽኑ አልነበረም እጁን የሚደብቀው፣ እሱ ነበር። መሃል ላይ ፔርሙሱ አለቀ። ኒቢያ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ውሃ አለቀ?»

«አለቀ።»

«ላሙቅልህ?»

«እንዳሻሽ። እኔ አልነሣም።»

ሲጨርስ ቅሉን ለኒቢያ አሳያት። ቀለበቱን እሷ ይዛለት እሱ አጠለቀው። ከዚያ አዲስ ቅል መጠጥ እንዲለምድ እንደሚደረገው በእርጥብ የማቴ ቅጠል ሞልተው አሳደሩት።

ቅዳሜ ዝናቡ አባራ። በረቱ ዙሪያ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር፤ ብረቱ እሳት ውስጥ ቀልቶ ጥጆች ይጮኻሉ። ዶኛ ዙልማ ፔርሙሱን ብብታቸው ሥር፣ አዲሱን ቅል በእጃቸው ይዘው አጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ቀጂዋ እሳቸው ናቸው። ደንቡ ነውና የመጀመሪያውን ራሳቸው ጠጡ። ሁለተኛውን ቀድተው ቀና ሲሉ ሰው ሁሉ አጠገባቸው ለቆሙት ታላቅ ወንድማቸው የሚሰጡ መስሎት ነበር። ለኤልቢዮ ዘረጉለት።

ኤልቢዮ ቀኝ እጁን አወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንቀጠቀጠ፣ ከማቴው ጥቂት ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ያዩ አዩ፤ ከዚህ በኋላ ዓይኔ ነው የሚባል ነገር የለም። ቅሉን ሲጨብጥ አውራ ጣቱ ያችን የተወላገደች ጨረቃ አገኛት።

ጠጥቶ ጨረሰና አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተ። ማቴ ላይ ግን አመሰግናለሁ ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይቀዳለትም። አፉን ዘጋ። ባዶውን ቅል መለሰላቸውና ዞሮ እስኪደርሰው ተራውን ጠበቀ።